ሴቩ የማን ነው? ኦፕን ወርልድ ጌም ለሚመርጥ የድሬ ልጅ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ 64 ጂቢ ፍላሽ ይዞ ሳቢያን ሰፈር ቤቴ ድረስ መጣ። ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ድሬ ላይ ሰው ከቤቱ አይወጣም። ሱቁ ይዘጋል፣ ባለባጃጁም ዛፍ ሥር አቁሞ ይተኛል። ልጁ ግን ላቡን በቲሸርቱ እየጠረገ በሬ ላይ ቆሟል።

"ሬድ ዴድ 2ን ጫንልኝ" አለኝ።

ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠሁት። ፋኑን ወደ እሱ አዞርኩለት። ከዚያ ጌሙ ኮምፒውተር ላይ 150 ጂቢ ቦታ እንደሚይዝ ነገርኩት። ፍላሹን አገላብጦ አየው፣ ከጀርባው ሌላ ቁጥር የተጻፈበት ይመስል።

"እሺ አቦ፣ ሌላ ምን አለ?"

ሌላማ ሞልቷል። ስካይሪም አለ፣ ዊቸር አለ፣ ፎልአውት አለ፣ ፋር ክራይ አለ፣ ጂ ቲ ኤ አለ። ሁሉም "ኦፕን ወርልድ" ይባላሉ። የሁሉም ካርታ ሰፊ ነው፣ ሁሉም "ወደፈለግክበት ሂድ" ይላሉ። ግን አንዱን የወደደ ሰው ሌላውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊጠላው ይችላል። እኔ እነዚህን ጌሞች ግማሹን በሰው ማሽን፣ ግማሹን በራሴ አሮጌ ላፕቶፕ ስጫወት ነው ያደግኩት። ለልጁ የነገርኩትን ትንሽ አስተካክዬ እዚህ ጽፌዋለሁ። አድልዎ አለበት፣ አልደብቅም። ዓመቶቹን ሁሉ ደግሞ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ፣ የት ነው የምትጫወቱት?

ስለ ጌም የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከግራፊክስ ይጀምራሉ። እኔ ከሴቭ፣ ማለትም ጌሙ ውስጥ የደረሳችሁበትን ከሚያስቀምጠው ፋይል፣ ነው የምጀምረው። ሴቩ የማን ነው? የእናንተ ነው ወይስ የጌም ቤቱ?

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ላፕቶፕ ሳይኖረኝ በፊት አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት በሰዓት እየከፈልኩ ዊቸር 3 እጫወት ነበር። ሌላው ሁሉ ፊፋ ላይ ነው። "ተሸናፊ ይከፍላል" እየተባለ ጆይስቲክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ጩኸቱ ጣሪያ ይነካል። እኔ ጥግ ላይ ብቻዬን አንድ ሽበታም የጭራቅ አዳኝ ይዤ ፈረስ እጋልባለሁ። ልጆቹ "ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ሲያወራ ነው የሚውለው?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ዊቸር ውስጥ ወሬ ይበዛል።

ወደ 40 ሰዓት ደረስኩ። ኖቪግራድ የሚባለው ከተማ ገብቻለሁ። ጥሩ ጎራዴ አሠርቻለሁ። ጉዌንት የሚሉትን የካርታ ጨዋታ ሳይቀር ለምጃለሁ። አንድ ቅዳሜ ሄጄ ስከፍተው "ኒው ጌም" ብቻ ይላል። የኔ ሴቭ የለም። ባለቤቱን ጠራሁት።

"ማሽኑ ሲንቀራፈፍብኝ ፎርማት አደረግኩት" አለኝ። ከዚያ ሊያጽናናኝ ፈልጎ "ፊፋን ግን መልሼ ጭኜዋለሁ" ሲል ጨመረልኝ።

ምን ይባላል? ሰውየው እንጀራው ፊፋ ነው። የኔ 40 ሰዓት ግን ከነጎራዴው፣ ከነፈረሱ ጠፋ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። አር ፒ ጂ፣ ማለትም አንድ ሰው ይዛችሁ ቀስ በቀስ የምታሳድጉበት ጌም፣ እቁብ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ትጥላላችሁ፣ ዕጣችሁ የሚወጣው ወደ መጨረሻው ነው። ሰብሳቢው ከተሰወረ አለቀላችሁ። ሹተር፣ ማለትም የተኩስ ጌም፣ ግን ሊስትሮ ነው። ትቀመጣላችሁ፣ ጫማው ይጠረጋል፣ ከፍላችሁ ትነሳላችሁ። ነገ ሌላ ሊስትሮ ጋ ብትሄዱ የሚጎድልባችሁ ነገር የለም።

ስለዚህ በሰዓት ከፍላችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ዊቸርንም፣ ስካይሪምንም፣ ሬድ ዴድንም ተዉት። ገንዘባችሁን ነው የምትበትኑት። አንድ ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ነገር ያለው ጌም ምረጡ። የራሳችሁ ማሽን ካላችሁ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሹተር ብቻ እየጫኑ ቤት መቀመጥ ትርፉ ጣት ማድከም ነው።

ከዚራ ወይስ መጋላ?

ሁለተኛው ነገር ካርታው ነው። ይህን ለድሬ ልጅ ማስረዳት ቀላል ነው። ባቡሩ በ1902 ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፣ ከዚራም በማስመሪያ የተሰመረች ይመስል ቀጥ ቀጥ ባሉ መንገዶች ተሠራች። አንድ ጥግ ላይ ቆማችሁ የት እንደምትደርሱ ይታያችኋል። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ስትገቡ ግን ሌላ አገር ነው። አንዱ መታጠፊያ ወደ ሌላ መታጠፊያ ይወስዳል። ሽቶ ልትገዙ ሄዳችሁ ጨርቅ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ጌምም የከዚራ አለ፣ የመጋላ አለ።

ፋር ክራይ 3 የከዚራ ጌም ነው። የሬዲዮ ማማ ላይ ትወጣላችሁ፣ የአካባቢው ካርታ ይገለጥና ምልክት በምልክት ይሆናል። እዚህ የጠላት ሰፈር፣ እዚያ አደን፣ እዚያ ደግሞ መሸጫ። አታስቡም፣ ትሄዳላችሁ። አሳሲንስ ክሪድም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በ2017 የወጣው ኦሪጅንስ ጥንታዊት ግብጽን አሳምሮ ያሳያል፣ ነገር ግን ከምልክት ወደ ምልክት ስትሮጡ ፒራሚዱን ቀና ብላችሁ ሳታዩት ታልፋላችሁ።

ስካይሪም የመጋላ ነው። አንድ ዕቃ አድርሱ ተብላችሁ ትነሳላችሁ። መንገድ ላይ ጭስ ታያላችሁ፣ ወደ ጭሱ ስትሄዱ ዋሻ ታገኛላችሁ፣ ዋሻው ውስጥ የሞተ ሰው ማስታወሻ አለ፣ ማስታወሻው ወደ ሌላ ቦታ ይልካችኋል። ከሦስት ቀን በኋላ ዕቃው ኪሳችሁ ውስጥ እንዳለ ትዝ ይላችኋል።

ኤልደን ሪንግ ደግሞ ከመጋላም ያልፋል። እሱ ጀጎል ነው። ሐረር ሄዳችሁ ያለ ሰው ጀጎል ግንብ ውስጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ጠባቧ መንገድ ወደ አንድ ሰው ግቢ ትወስዳለች፣ ትመለሳላችሁ፣ የመጣችሁበት ደግሞ ጠፍቷል። ኤልደን ሪንግ እንደዚያ ነው። ማንም ምንም አይነግራችሁም። ልዩነቱ ሐረር ውስጥ መንገድ ብትጠይቁ ሰው በፈገግታ ያሳያችኋል፣ እዚህ ግን ትገደላላችሁ። ለሚወደው ሰው ከዚህ የሚበልጥ ጌም የለም። እኔ አከብረዋለሁ እንጂ አልወደውም። አንዱ ምክንያቴ ተራ ነገር ነው፦ ማቆሚያ የለውም። እናቴ "ቡና ደርሷል" ስትል "ቆይ" ማለት አይቻልም። ቆማችሁ ስታወሩ ከኋላ አንድ ነገር መጥቶ ይበላችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ንጽጽር እንግባ።

ተኩስ ለሚወድ፦ ፋር ክራይ

በሰዓት ለሚከፍል ሰው የኔ ምርጫ በ2012 የወጣው ፋር ክራይ 3 ነው። ታሪኩ ለሽርሽር ደሴት ላይ ሄደው በባህር ወንበዴዎች እጅ ስለወደቁ ወጣቶች ነው። ቫስ የሚባለው ወንበዴ ሲናገር ጌም ቤቱ ሁሉ ዞር ብሎ ያያል። ግን ውበቱ የጠላት ሰፈሮቹን መያዝ ላይ ነው። አንዷን ሰፈር ለመያዝ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

አንድ ጊዜ ያደረግኩትን ላሳያችሁ። ኮረብታ ላይ ተኝቼ በካሜራ ሰፈሩን ቃኘሁ። ዘበኞቹን አንድ በአንድ ምልክት አደረግኩባቸው። መሀል ላይ ነብር የታሰረበት የብረት ፍርግርግ አለ። ድምፅ በሌለው መሣሪያ የፍርግርጉን በር መታሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አየሁ። ነብሩ ወጣ፣ ጩኸት ሆነ፣ ተኩስ ሆነ፣ ጸጥ አለ። ሰፈሩ የኔ ሆነ። የተኮስኩት አንድ ጥይት ነው። አጠገቤ ፊፋ ሲጠብቅ የነበረ ልጅ "ይሄማ ስንፍና ነው" አለኝ። ስንፍና አይደለም፣ ስልት ነው። ይህን የመሰለ ነገር ብዙ ሹተር አይሰጣችሁም።

ፋር ክራይ 4 በ2014 ወጣ። ያው 3ኛው ነው፣ በሂማላያ ተራሮች ተመስሎ። አንድ የምወድለት ቀልድ አለ። መጀመሪያ ላይ የአገሩ አምባገነን ምግብ አቅርቦላችሁ "መጣሁ፣ እዚሁ ጠብቀኝ" ብሎ ይወጣል። ሁሉም ሰው ተነስቶ ያመልጣል፣ ጌሙም ይጀምራል። ሳይነሳ ሩብ ሰዓት ያህል የጠበቀ ሰው ግን ሰውየው ተመልሶ ይመጣለታል፣ ታሪኩም እዚያው በሰላም ያልቃል። ሻይ እስኪፈላ አንድ ሙሉ ጌም ጨረሳችሁ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የረሳው ግን ፋር ክራይ 2 ነው። በ2008 የወጣ ነው። ስሟ ያልተጠቀሰ፣ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ያለች የአፍሪካ አገር ውስጥ ነው ታሪኩ። ካርታው ስክሪን ጥግ ላይ የተለጠፈ አይደለም፣ ሰውየው ወረቀቱን በእጁ ዘርግቶ ነው የሚያየው። ከጠላት ያነሳችሁት ጠመንጃ ዝጎ መሀል ተኩስ ላይ ይነክሳል። ደረቅ ሣር ላይ እሳት ከለቀቃችሁ ንፋሱ ወደ እናንተም ሊያመጣው ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጀግናው ወባ አለበት። በጦርነቱ መሀል ዓይኑ ይደበዝዛል፣ ክኒን ካልዋጠ ይወድቃል። ክኒኑ ሲያልቅ ስደተኛ ለሚያሸሹ ሰዎች ወረቀት አድርሳችሁ ነው የምታገኙት።

እናቴ ጌም አይታ አታውቅም፣ ማየትም አትፈልግም። አንድ ማታ ከኋላዬ ሆና ስክሪኑን አየችና "ምን ሆኖ ነው?" አለች። "ወባ ይዞት ነው" አልኳት። ቁጭ አለች። "ታዲያ ምን ይሮጣል? አይተኛም?" ድሬ ላይ ወባ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። እስከዛሬ ከተጫወትኩት ሁሉ እናቴ የገባት ጌም ይሄ ብቻ ነው።

ችግሩን ልደብቃችሁ አይገባም። ኬላ ላይ ያሉትን ጠላቶች ጨርሳችሁ ትንሽ ርቃችሁ ስትመለሱ እንደገና ቆመው ይጠብቋችኋል። ያበሽቃል፣ ወላሂ። ቢሆንም በደካማ ማሽን የሚሠራ ሹተር ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ አልጠቁምም።

ለሁለት ሰው፣ በአንድ ቴሌቪዥን ከሆነ ቦርደርላንድስ 2። በ2012 የወጣ፣ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ የሚያጫውት፣ ጠመንጃ እንደ ሽንብራ የሚበተንበት። ታሪኩን አትከተሉ፣ ሳቁ።

መሀል ላይ ያለው፦ ፎልአውት

ተኩስም ወሬም ለሚፈልግ ሰው ክርክሩ እዚህ ነው። ፎልአውት 4 ወይስ ኒው ቬጋስ? ጓደኞቼ ጋር በዚህ ምክንያት ተኮራርፈን እናውቃለን።

ኒው ቬጋስ በ2010 ወጣ። ከኑክሌር ጦርነት በኋላ የቀረ በረሃ ነው። እናንተ መልእክተኛ ናችሁ። ጌሙ ሲጀምር ባለ ሙሉ ልብስ ሰው ጭንቅላታችሁን በጥይት መትቶ ይቀብራችኋል፣ የያዛችሁትንም ዕቃ ይወስዳል። አንድ ሐኪም አድኖ ያስነሳችኋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእናንተ ነው። ልትበቀሉ ትችላላችሁ፣ ልትረሱትም ትችላላችሁ።

የሚገርመኝ የምላስ ኃይሉ ነው። ጌሙ መጀመሪያ ላይ ነጥባችሁን የት እንደምታፈሱ ትመርጣላችሁ፦ ጠመንጃ ላይ፣ ቁልፍ መፈልቀቅ ላይ፣ ሕክምና ላይ፣ ንግግር ላይ። ንግግር ላይ ያፈሰሰ ሰው የመጨረሻውን አስፈሪ የጦር አዛዥ ሳይቀር አሳምኖ መመለስ ይችላል። ሽምግልና ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል። ለሥልጣን የሚፋለሙት ወገኖች ሁሉም ጥፋት አለባቸው፣ ሁሉም ደግሞ የሚያሳምን ነገር ይናገራሉ። አንዱን ስትረዱ ሌላው ይጠላችኋል፣ ጥላቻውም ካርታው ላይ ስትዘዋወሩ ይከተላችኋል።

አገሩም አይከብደኝም። ሞሃቪ በረሃ ውስጥ ስሄድ ሽንሌ መንገድ ላይ ያለሁ ይመስለኛል። አቧራው፣ ቁጥቋጦው፣ ርቆ የሚታየው ተራራ።

ጉድለቱስ? ተኩሱ። ጠመንጃው ከሩቅ ዘመድ የተዋሳችሁት ይመስል እሺ አይላችሁም። ለዚህ መፍትሔ ብለው ያስቀመጡት ጊዜውን አቁሞ "ጭንቅላት ስንት በመቶ፣ እግር ስንት በመቶ" እያለ የሚያስመርጥ ዘዴ ነው። ዒላማ ለማይሳካለት ሰው በጣም ጥሩ ነው። እንደ ኮል ኦፍ ዱቲ ያለ የተኩስ ጌም ለለመደ ልጅ ግን ስድብ ነው። ሳይታሰብ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። የመጨረሻ ሴቫችሁ ሩቅ ከሆነ ያስለቅሳል።

ፎልአውት 4 በ2015 ሲመጣ ተኩሱን አስተካከሉት። ጠመንጃው አሁን ጠመንጃ ነው። ክፍሎቹን እየነቀላችሁ ሌላ ትገጥሙበታላችሁ። ቤት ትሠራላችሁ፣ መንደር ትመሠርታላችሁ። በዚያው ልክ ወሬውን ገደሉት። አሁን የምትመርጡት መልስ አራት ብቻ ነው፣ ከአራቱም ሦስቱ "እሺ" የማለት ዓይነቶች ናቸው። ልጁ የጠፋበት አባት ወይም እናት ናችሁ፣ ግን ልጃችሁን ትታችሁ ቆርቆሮ ስትለቅሙ ትውላላችሁ። አንድ ወታደር ደግሞ ባያችሁት ቁጥር እርዳታ የሚፈልግ ሌላ መንደር አለ ይላችኋል። እኔ ስሸሸው ነው የኖርኩት።

ፍርዴ ይኸው፦ ጣት የሚቀድማችሁ ከሆናችሁ 4ኛውን፣ አፍ የሚቀድማችሁ ከሆናችሁ ኒው ቬጋስን። እኔ አፈኛ ነኝ።

ታሪክ ለሚወድ፦ ዊቸር፣ ስካይሪም፣ ሬድ ዴድ

በዊቸር 3 የተነሳ ቆስያለሁ ብዬ ነግሬያችኋለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ በ2015 የወጣ ጌም ሆኖ እስካሁን በታሪክ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። የሠሩት ፖላንዶች ናቸው። ሰፈር ውስጥ ጭራቅ አስቸገረን የሚሉ ገበሬዎች ይቀጥሯችኋል። ከመነሳታችሁ በፊት ዋጋ ትከራከራላችሁ። ይህን የምወደው እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ስላደግኩ ይሆናል። ከፍ አድርጋችሁ ስትጠሩ ሰውየው መናደዱን የሚያሳይ መስመር አለ። አብዝታችሁ ከጠየቃችሁ ይሞላል፣ ድርድሩም ይበላሻል። ልክ ታይዋን ነው። "ዝጋው ሂሳብህን" ከመባላችሁ በፊት ማቆም ነው ብልሃቱ።

ከሰዎቹ ሁሉ ባሮኑ አይረሳኝም። ሚስቱና ልጁ የጠፉበት ሰካራም ሹም ነው። መጀመሪያ ታዝኑለታላችሁ። ለምን እንደጠፉ ስታውቁ ትጠሉታላችሁ። ትንሽ ቆይታችሁ ደግሞ እንደገና ታዝኑለታላችሁ፣ በራሳችሁም ትናደዳላችሁ። የምትመርጡት ሁሉ የሆነ ሰው ይጎዳል። ተኩስ ፍለጋ አትሂዱ፣ ጎራዴ ነው። ትንሽ ቀስት አለችው፣ ለወፍ እንኳን አትበቃም።

ስካይሪም በ11/11/2011 ነው የወጣው፣ ቀኑ ለራሱ ማስታወቂያ ነበር። እጃችሁን ታስራችሁ በጋሪ ላይ ስትነቁ ይጀምራል። አንገታችሁ ሊቀላ ሲል ዘንዶ ይመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ አር ፒ ጂ ለሚሞክር ሰው ይህን ነው የምሰጠው። አይከብድም፣ አይቆጣም። ታሪኩ ግን ስፋት እንጂ ጥልቀት የለውም። ድብድቡም ውሃ በዱላ እንደመምታት ነው። ከዚህ በፊት ጀምረውት የሚያውቁ ይመሰክራሉ፦ "እኔ ዘንድሮ ጠንቋይ እሆናለሁ" ብላችሁ ምላችሁ ትጀምራላችሁ፣ በ20ኛው ሰዓት ጨለማ ውስጥ ጎንበስ ብላችሁ ቀስት ስትስቡ ትገኛላችሁ። ሁላችንም እዚያው ነው የምንደርሰው።

ሬድ ዴድ 2ን የፈለገው የአክስቴ ልጅ ተሳስቷል አልልም። በ2018 በኮንሶል፣ በ2019 ደግሞ በኮምፒውተር ወጣ። እንደ ሥራ ካየነው ከዚህ የበለጠ የተለፋበት ጌም አላየሁም። ዘመኑ 1899 ነው፣ አርተር ሞርጋን የሚባል ሽፍታ ናችሁ። ፈረሱን ታበላላችሁ፣ ታጥባላችሁ፣ ጺማችሁ ያድጋል። ግን ሁሉም ነገር ቀስ ይላል። መሳቢያ ለመክፈት ሰውየው እጁን ሰዶ፣ ስቦ፣ አንስቶ፣ አይቶ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በሙሉ በረዶ ነው። ድሬ ላይ ሚያዝያ ወር ያንን በረዶ ማየት ያበርዳል፣ እሱን አልክድም። ሌላው ቅሬታዬ ይሄ ነው፦ ዓለሙ ነፃ ነው፣ ሚሽኑ ግን እስረኛ ነው። ከታዘዛችሁበት መንገድ ትንሽ ወጣ ስትሉ "ወድቀሃል" ይላል። የትም ሂዱ ብሎ፣ በዚህ ብቻ ሂዱ ይላል።

ሳይበርፐንክ 2077ን በአጭሩ ላንሳው። የዊቸር ሠሪዎች ናቸው፣ አር ፒ ጂና ሹተርን ያጋቡበት። ታኅሣሥ 2020 ሲወጣ በችግር ከመሞላቱ የተነሳ ፕሌይስቴሽን ከመደብሩ አውጥቶት ነበር፣ የመለሰውም ሰኔ 2021 ነው። መስከረም 2023 ላይ በወጣው 2.0 ማሻሻያ ነው ሰው የሆነው። ዛሬ ጥሩ ጌም ነው፣ ጥሩ ማሽን ላለው። ወጣ ሲባል ለሚሮጥ ሰው ግን ይሄን ታሪክ ሁልጊዜ እነግረዋለሁ።

ጂ ቲ ኤ

ስለ ጂ ቲ ኤ ለድሬ ልጅ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንድ ነገር ብቻ። በ2013 የወጣው 5ኛው ለጌም ቤት ይመቻል። መኪና መስረቅ፣ ከፖሊስ መሸሽ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ መነሳት። የሦስቱን ሰዎች ታሪክ ልከተል ካላችሁ ግን የራሳችሁ ሴቭ ይኑራችሁ። የ2004ቱን ሳን አንድሪያስ ደግሞ አትናቁት። ሲጄ ብዙ ከበላ ይወፍራል፣ ጂም ከሄደ ይጠነክራል፣ አንድን ጠመንጃ ባዘወተረ ቁጥር ይለምደዋል። አር ፒ ጂ መሆኑን ሳይነግረን ነው ያጫወተን። በየትኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ይሠራል፣ ስልክ ላይም አለ።

ማሽኑ፣ መብራቱና ሙቀቱ

ግራፊክስ ካርድ የሌለው አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ፦ ሳን አንድሪያስ፣ ፋር ክራይ 2፣ ኒው ቬጋስ፣ የመጀመሪያው ስካይሪም። ስካይሪም 6 ጂቢ፣ ኒው ቬጋስ 10 ጂቢ ያህል ነው የሚይዙት፣ ሁለቱም 2 ጂቢ ራም ይበቃቸዋል። ሴቲንጉን ዝቅ አድርጉ፣ ጥላውን አጥፉት። መካከለኛ ካርድና 8 ጂቢ ራም ካለ ፋር ክራይ 3፣ ፎልአውት 4፣ ጂ ቲ ኤ 5፣ ዊቸር 3 ይሄዳሉ። ኤልደን ሪንግና ሳይበርፐንክ ከ12 ጂቢ ራም በታች አያናግሯችሁም። ሻጭ "ሁሉንም ይጫወታል" ካላችሁ እዚያው አስከፍታችሁ እዩት።

ሙቀቱን አትርሱ። የድሬ ቀትር ላፕቶፕ ይገድላል። እኔ ከ6 እስከ 10 ሰዓት አልጫወትም። ከተጫወትኩም ላፕቶፑን ከሥሩ አየር እንዲገባው በሁለት የለስላሳ ቆርኪ ከፍ አድርጌ፣ ፋኑን ለራሴ ሳይሆን ለእሱ አዙሬ ነው። አልጋ ላይ ፍራሽ ላይ አስቀምጦ መጫወት ድስት መጣድ ነው።

መብራትስ? ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ዴስክቶፕ ግን ወዲያው ነው የሚሞተው። እዚህ ላይ ጌሞቹ ይለያያሉ። ስካይሪምና ፎልአውት ኪቦርዱ ላይ ኤፍ 5 የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ባላችሁበት ሴቭ ያደርጋሉ። በየበሩ የመጫን ልማድ ይኑራችሁ። ፋር ክራይ 2ም ኮምፒውተር ላይ እንዲሁ ነው። ሳን አንድሪያስ ግን ቤት ደርሳችሁ ዲስኬቱ ላይ ካልቆማችሁ አያስቀምጥም። ረጅም ሚሽን ጨርሳችሁ ወደ ቤት ስትነዱ መብራት ከሄደ የምትሳደቡትን ስድብ ጎረቤትም ይሰማዋል። ኤልደን ሪንግ በየደቂቃው ራሱ ያስቀምጣል፣ ግን አንድ ብቻ ነው፣ ወደ ትናንት መመለስ የለም።

ስልክ ብቻ ያለው ሰውስ? ፐብጂ ሞባይልና ፍሪ ፋየር አሉ። ሰፊ ካርታ ስላላቸው ኦፕን ወርልድ ናቸው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አይደሉም። መጫወቻው ክብ እየጠበበ የሚያባርራችሁ ዓለም ምኑ ክፍት ነው? ያለ ኢንተርኔት ደግሞ አይሆኑም። ከላይ የዘረዘርኳቸው ግን አንዴ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መጫወት ይቻላል።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ ፋኑ ሥር ሊተኛ ደርሶ ነበር። ቤታቸው ያለው ላፕቶፕ የእህቱ ነው፣ 4 ጂቢ ራም፣ ግራፊክስ ካርድ የሌለው። ግን አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ ሌላ ሰው ጌም አይጫወትበትም። ሴቩ የእሱ ነው። ፍላሹ ላይ ኒው ቬጋስንና ፋር ክራይ 2ን ጫንኩለት። ከ64ቱ ብዙ ተረፈ። ፀሐይዋ ስትበርድ በባጃጅ ሄደ።

ከሁለት ቀን በኋላ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ስልክ ተደወለ። እሱ ነው። እያንሾካሾከ ነው የሚያወራው፣ ቤት ሰው ተኝቷል።

"ያ የቀበረኝን ባለ ሙሉ ልብስ ሰውዬ አገኘሁት። ካዚኖ ውስጥ ቆሟል። ልግደለው ወይስ ላናግረው?"

"ኤፍ 5 ተጭነሃል?" አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ የቁልፉ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ቀጭ ሲል ሰማሁት።